የኮልካታ ብሪያኒ ከነድንቹ፣ ካቲ ሮልና ፉችካ፦ በቤት የሚሠሩበት መንገድ

ሕንድ ውስጥ ብሪያኒ፣ ማለትም ከቅመምና ከሥጋ ጋር ተነባብሮ የሚበስል ሩዝ፣ እንደ ከተማው ነው። የሃይደራባዱ ያቃጥላል፤ የለክናው ለስለስ ብሎ ሽታው ኋላ ይመጣል፤ የኮልካታው ደግሞ ድንች አለው። ለሃይደራባድ ሰው ይህ ድንች መቀለጃ ነው። የኮልካታ ሰው ግን ሥጋው ቢያንስበት ሊያልፈው ይችላል፣ ድንቹ ከሌለ ብሪያኒ በላሁ አይልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መዲናው ለክናው የነበረውን የአዋድን ግዛት ሲወስድ፣ የመጨረሻው ናዋብ (ገዥ) ዋጂድ አሊ ሻህ ዙፋኑን አጥቶ ከለክናው ወደ ኮልካታ መጣ። በሁግሊ ወንዝ ዳር፣ ማቲያብሩዝ በተባለው ሰፈር ግቢውን እንደ አዲስ አቆመ፤ በ1887 የሞተውም እዚያው ከተማ ነው። ወጥ ሠሪዎቹ አብረውት መጥተው ነበርና የሙጋል ቤተ መንግሥት አበሳሰል፣ ማለትም የድስቱን አፍ በሊጥ መርጎ ምግቡን በራሱ እንፋሎት ማብሰል፣ ኮልካታ ወዳለችበት ወደ ቤንጋል ገባ። ይህን አበሳሰል «ዱም» ይሉታል። ድንቹ የገባው ሥጋ ሲያጥር ለማሟያ ነው የሚሉ አሉ፤ ድንች ያን ጊዜ ለአገሩ አዲስና የሚከበር ነገር ስለነበር ነው የሚሉም አሉ። አሠራሩን ላየ ሰው ሁለተኛው ወሬ ይመዝናል። ለማሟያ የገባ ድንች ለብቻው ተቀቅሎ፣ ለብቻው ተጠብሶ፣ ከዚያ በሥጋው መረቅ ውስጥ እየጠጣ አይቀመጥም።

ከዚህ በታች ሦስት ነገር እንሠራለን፦ ብሪያኒውን፣ ከጎዳና ደግሞ ካቲ ሮልን (በቂጣ የተጠቀለለ ጥብስ ሥጋ) እና ፉችካን (በድንችና በጎምዛዛ ውሃ የሚሞላ፣ ነፍቶ የተጠበሰ ቅርፊት)። ሦስቱም የሚበላሹት በአንድ በኩል ነው፣ በውሃ። ሩዙ ገንፎ የሚሆነው፣ የሮሉ ቂጣ የሚሰነጠቀው፣ ፉችካው አልነፋም የሚለው ቅመም ስለጎደለ አይደለም፤ ውሃው ልኩን ስላላገኘ ነው። ስለዚህ በየደረጃው ውሃው የት እንዳለ ይከታተሉ፤ ቅመሙ ይደርሳል።

ገበያ ከመውጣት በፊት

የሕንድ ምግብ አሠራር ወደ አማርኛ ሲመለስ ሦስት ነገር ያሳስታል።

አንደኛው ሄልና ኮረሪማ ነው። ብሪያኒ የሚፈልገው ሄልን ነው፣ ያንን ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ። ኮረሪማ የሌላ ተክል ፍሬ ነው፤ ሽታው ጠንከር ያለና ጭስ ጭስ የሚል ስለሆነ በሄል ፈንታ ከገባ ምግቡ ወደ ክትፎ ቅመም ያደላል።

ሁለተኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። ሕንዶች ሻሂ ጂራ ወይም ካላ ጂራ የሚሉት ከከሙን ቀጠን፣ ጠቆር ያለ ፍሬ አለ። «ካላ ጂራ» ቃል በቃል ጥቁር ከሙን ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ጥቁር አዝሙድ ገዝቶ ይመለሳል። የእኛ ጥቁር አዝሙድ ሌላ ነው፤ ሕንዶችም ካሎንጂ ብለው ለይተው ይጠሩታል። ሻሂ ጂራ ከጠፋ ተራ ከሙን በተባለው ልክ ግማሽ ያድርጉ።

ሦስተኛው ቅቤው ነው። ጊ የሚባለው ምንም ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ነው። በኮሰረት፣ በአብሽና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ከገባ ሳፍሮኑንም የአበባ ውሃውንም ይውጣቸዋል። አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥረው ለዚህ ብቻ ያስቀምጡ።

ለብሪያኒው ከሕንድ ወይም ከፓኪስታን ሱቅ የሚገዙ ሁለት ነገሮች አሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖር ሰው በቀላሉ ያገኛቸዋል። ኬውራ ከአበባ የሚወጣ ሽታ ያለው ውሃ ነው። ሚታ አታር ደግሞ በጠብታ የሚለካ፣ ለምግብ የተሠራ የሽቶ ዘይት ነው፤ የኮልካታ ብሪያኒ ድስቱ ሲከፈት መንገድ ተሻግሮ የሚሸተው በእሱ ነው። አታሩ ከጠፋ ይቅር፣ ማንም አይሞትም። ኬውራው ከጠፋ የጽጌረዳ ውሃውን በእጥፍ ያድርጉ። የሰውነት ሽቶ የሚሸጥበት ሱቅ ያለ አታር ግን ለምግብ አይደለምና አይግዙ።

አንድ ማሳሰቢያ አዲስ አበባ ለሚሠሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ኮልካታ ደግሞ ከባሕር እምብዛም ከፍ አትልም። ስለዚህ ከታች የተጻፈው የመቀቀያ ደቂቃ ደጋ ላይ ይረዝማል፦ ለሩዙ 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ለድንቹ 5 ደቂቃ ያህል፣ ለሥጋው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ። ሰዓቱን ሳይሆን የተነገረውን ምልክት ይመኑ።

ብሪያኒው፣ ለ6 ሰው

የፍየል ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ከወርችና ከጭን፣ 1.2 ኪሎ፤ አንዱ ቁራጭ 120 ግራም ያህል ይሁን
ያረጀ ባስማቲ ሩዝ 750 ግራም
እኩል መጠን ያላቸው 6 ድንች፣ እያንዳንዳቸው 120 ግራም ገደማ
ቀይ ሽንኩርት 400 ግራም
እርጎ 200 ግራም
የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያንዳንዳቸው 30 ግራም
ጊ 80 ግራም፣ ለመጥበሻ ዘይት 250 ሚሊ ሊትር
ወተት 150 ሚሊ ሊትር፣ ሳፍሮን ሁለት ቁንጥር
ኮያ 60 ግራም (ውሃው እስኪያልቅ በዝግታ የተንተከተከ ወተት ነው፤ ከሌለ 3 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት)
የደረቀ ፕለም 6 ፍሬ፣ የተቀቀለ እንቁላል 6
ኬውራ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የጽጌረዳ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ሚታ አታር 2 ጠብታ

ለቅመሙ፦ ሄል 10 ፍሬ፣ ቀረፋ ጣት የሚያህል 2 ስባሪ፣ ቅርንፉድ 8፣ የገውዝ ሩብ ፍሬ፣ የገውዙን ፍሬ የሚለብሰው ቀይ ሽፋን (ጃቪትሪ) 2 ቅጠል፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሻሂ ጂራ 1 የሻይ ማንኪያ። በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ያሙቁት፤ የሚፈለገው እርጥበቱ እንዲሄድ እንጂ እንዲታመስ አይደለም። ከጠቆረ ሩዙን ያጠቁረዋል፣ ምሬትም ያመጣል። ደቅቆ ይፈጭና በወንፊት ይነፋል።

እዚህ ቅመም ውስጥ እርድ የለም። ቲማቲም የለም። የድንብላል ቅጠልም ናናም አይገባም። በርበሬ ለለመደ ምላስ ነገሩ ባዶ ሊመስል ይችላል፤ እጅዎ ወደ በርበሬው ቆርቆሮ ከሄደ ይመልሱት። ግድ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚጥሚጣ ቃሪያ ዱቄት ሥጋው ላይ ይበቃል።

ሽንኩርቱ። ርዝመቱን ተከትለው 2 ሚሊ ሜትር አድርገው እኩል ይክተፉ። ወፍራምና ቀጭን ከተቀላቀለ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። ይህ የቁሌት ተቃራኒ ነው፦ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱ እንዲሟሟ እንፈልጋለን፣ እዚህ ግን ውሃው ወጥቶ እንዲደርቅና እንዲንኮሻኮሽ ነው። በሞቀ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እያገላበጡ ይጥበሱ። የገለባ ቀለም አልፎ ወደ ወርቅማ ሲሄድ ወዲያው በጭልፋ ያውጡና ወረቀት ላይ በትነው ያስቀምጡ። ከዘይቱ ከወጣ በኋላም መጥቆሩን ይቀጥላልና የሚፈልጉት ቀለም ላይ እስኪደርስ ከጠበቁ አልፎታል። ዘይቱን አይድፉ፤ ቀጣዩ ሥራ በእሱ ነው።

ድንቹ። ኮልካታ ገበያ ላይ ጆቲና ቻንድራሙኪ የሚባሉ ሁለት ድንቾች ለየብቻ ይሸጣሉ፣ የተሻለ ነው ተብሎ በውድ የሚገዛው ቻንድራሙኪው ነው። እኛ የምንፈልገው ሲቀቀል የማይፈረካከስ፣ ሥጋው ጠበቅ ያለ ድንች ነው። ልጠው ሙሉውን፣ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቀቅሉ። ቢላ ሲወጉት ዳር ዳሩ ገብቶ መሐሉ ላይ እንቢ ካለ ደርሷል። አንጠፍጥፈው በራሱ ሙቀት ላዩ ደረቅ እስኪል 5 ደቂቃ ይተዉት፤ እርጥብ ድንች ዘይት ውስጥ ይፈነጥቃል፣ ቆዳም አይሠራም። ከዚያ በሽንኩርቱ ዘይት ዙሪያውን ቀላ እስኪል ይጥበሱት። ይህ ቀጭን ቅርፊት ድንቹ በኋላ ዱም ላይ እንዳይበተን የሚይዘው ነው።

ሥጋው። እርጎውን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሁለት ሦስተኛውን ቅመምና 15 ግራም ጨው ከሥጋው ጋር አሽተው ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል አዳሩን በፍሪጅ ያቆዩ። ወፍራም ድስት ውስጥ ከተጠበሰው ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ አድርገው ሥጋውን ከነመዘፍዘፊያው ይጨምሩ፣ ግማሹን የተጠበሰ ሽንኩርት በእጅ ፈርፍረው ይበትኑበት። ውሃ አይጨመርም። እርጎውና ሥጋው ራሳቸው ያወጣሉ። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ተከድኖ፣ ከአንድ ሰዓት ሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይብሰል፤ ከደረቀ ብቻ ግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ። የመጨረሻው 15 ደቂቃ ላይ ድንቾቹን ይክተቱ። የፕሬዠር ድስት ካለዎት ከመጀመሪያው ፉጨት በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ድንቹን ግን ከተከፈተ በኋላ ይጨምሩ።

እሳቱን ከማጥፋትዎ በፊት መረቁን ይለኩ። ከነስቡ 400 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ብርጭቆ ያልሞላ፣ መሆን አለበት። ከበለጠ ሥጋውንና ድንቹን አውጥተው መረቁን ብቻ ከፍ ባለ እሳት ያንተክትኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይሁን፣ ሩዙ ይጠጣዋል» ይላል። ሩዙ በእርግጥ ይጠጣዋል፣ ገንፎ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ሥጋው አጥንቱን ሊለቅ ሲል መቆም አለበት፤ ዱም ላይ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረዋልና አሁን የተበታተነ ሥጋ ያን ጊዜ አይገኝም።

ሩዙ። ውሃው እስኪጠራ 4 ጊዜ በቀስታ ይጠቡ፣ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፈው በወንፊት ያንጠፍጥፉ። በትልቅ ድስት 4 ሊትር ውሃ ከ60 ግራም ጨው ጋር ያፍሉ፤ ውሃው ሲቀመስ አፍ የሚያስጨመድድ ጨዋማ መሆን አለበት፣ አብዛኛው ጨው ከውሃው ጋር ይፈሳልና አይስጉ። ጥቂት ሄልና ቀረፋ በጨርቅ ቋጥረው ይጣሉበት። ሩዙ ከገባ በኋላ 5 ወይም 6 ደቂቃ። ከ4ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ ፍሬ እያወጡ በጣት ይጫኑ፦ ሦስት ቦታ ተሰብሮ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ጊዜው አሁን ነው። ቶሎ ያንጠፍጥፉ፣ ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ ዘርግተው እንፋሎቱን ያስወጡ። ወንፊቱ ውስጥ ተከምሮ ከቆየ መብሰሉን አያቆምም።

ድርድሩ። በወተቱ ውስጥ፣ ለብ ሲል፣ ሳፍሮኑን ቀድመው ይዘፍዝፉት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ኬውራውን፣ የጽጌረዳ ውሃውንና አታሩን እዚያው ይቀላቅሉ። አታር በቀጥታ ሩዝ ላይ ጠብ ከተደረገ ያረፈበት ቦታ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ሌላው ቦታ ደግሞ አይሸትም። ከሁለት ጠብታ በላይም አያስፈልግም።

ወፍራም ድስት ግርጌውን በጊ ይቅቡ። መጀመሪያ ሥጋውና ድንቹ ጎን ለጎን፣ ከዚያ የተቀቀለው እንቁላል፣ ፕለሙና የተፈረፈረው ኮያ፣ ከመረቁም ግማሹ ብቻ። በላዩ ግማሹ ሩዝ። ከቀረው መረቅ ላይ የሰፈፈውን ስብ 4 የሾርባ ማንኪያ ይርጩበት፣ የቀረውን ቅመምና ሽንኩርት ይበትኑ። ከዚያ የቀረው ሩዝ፣ በመጨረሻም የሳፍሮን ወተቱ በየቦታው እየተንጠባጠበ፣ እንዲሁም የቀለጠ ጊ። አይጫኑት፣ አያማስሉት። ነጭ የቀረ ሩዝና ቢጫ የሆነ ሩዝ ጎን ለጎን መታየቱ ጉድለት ሳይሆን የሚፈለግ ነው። የተረፈው መረቅ በትንሽ ሳህን ለብቻ ይቀርባል።

ክዳኑን በሊጥ ይምረጉ (ዱቄትና ውሃ፣ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ)። 5 ደቂቃ በመካከለኛ እሳት፣ ክዳኑ በእጅ የማይነካ እስኪሆን፤ ከዚያ ድስቱን በብረት ምጣድ ላይ አስቀምጠው በዝቅተኛው እሳት 25 ደቂቃ። ምጣዱ በእሳቱና በድስቱ መካከል ስለሚሆን ግርጌው አያርም። በከሰል የሚሠራ ሰው ከሥሩ ፍሙን ቀነስ አድርጎ ሦስት አራት ፍም ክዳኑ ላይ ያስቀምጥ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ያርፋል። ይህ ዕረፍት ሲዘለል ሩዙ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይወጣል።

ሲቀርብ ጠፍጣፋ ጭልፋ በዳር በኩል ወደ ግርጌ ሰዶ ሁሉንም ንብርብር አንድ ላይ ማንሳት ነው። ለያንዳንዱ ሳህን አንድ ወይም ሁለት ሥጋ፣ አንድ ድንች፣ አንድ እንቁላል። ድንች ሁለት የደረሰው ሰው ካለ ሌላው ማጉረምረሙ አይቀርም።

ሩዙ ከተጣበቀ ከወንፊት በፊት ብዙ ቆይቷል ወይም መረቁ በዝቷል። ላዩ ያልበሰለ ፍሬ ካለ ደግሞ እንፋሎቱ ሾልኳል፤ በዳሩ ሩብ ብርጭቆ ሙቅ ወተት ረጭተው እንደገና መርገው 10 ደቂቃ ይመልሱት። ግርጌው ካረረ አይቆፍሩት። ላዩን ወደ ሌላ ድስት ያዛውሩ፤ ሽታው ከተነካካ ግን ምንም አያድነውም።

ካቲ ሮል፣ 8 ፍሬ

ካቲ በቤንጋልኛ ስንጥር ማለት ነው፤ ሥጋው የሚሰካበት የቀርከሃ እንጨት ነው ስሙን የሰጠው። መነሻው ተብሎ የሚጠቀሰው ኮልካታ ውስጥ ኒው ማርኬት ከተባለው ገበያ አጠገብ ያለው ኒዛምስ የተባለ ምግብ ቤት ነው። ነገሩ ካባብን (በስንጥር ተሰክቶ ፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ) በፓራታ (በተነባበረ ቂጣ) ጠቅልሎ፣ በወረቀት ይዞ፣ እየሄዱ መብላት ነው።

ሊጡ፦ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር ያፍትጉ፣ ከዚያ ከ210 እስከ 220 ሚሊ ሊትር ውሃ ጥቂት በጥቂት። 10 ደቂቃ ያሹት፤ የጆሮ ጫፍ ያህል ሲለሰልስ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው አንድ ሰዓት ይተዉት። ደረቅ ሊጥ ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ ቂጣ ይሰጣል፤ ከመጠን በላይ የረጠበ ደግሞ ንብርብሩን ይውጣል።

8 ቦታ ይከፍሉታል። አንዱን በመዳመጫ 20 ሴንቲ ሜትር ዳምጠው በስሱ ጊ ይቀቡ፣ ቁንጥር ዱቄት ይነስንሱበት፣ እንደ ገመድ ጠቅልለው ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ያዙሩት። 20 ደቂቃ አርፎ እንደገና ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይዳመጣል። ሳያርፍ ከተዳመጠ እየተሰበሰበ ያስቸግራል። በጋለ ብረት ምጣድ ሁለቱንም ጎን ደረቁን ካስያዙ በኋላ በዳሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለቀቅ አድርገው ቀላ እስኪል ይጥበሱ። ከምጣዱ እንደወጣ በሁለት እጅ ከዳር ወደ መሐል ጨመቅ ያድርጉት፣ ንብርብሩ ይከፈታል። እንቁላል የሚፈልግ ካለ አንድ እንቁላል በጨው መትተው ምጣዱ ላይ ያፍስሱና ፓራታውን ወዲያው በላዩ ያስተኙ።

ሥጋው 600 ግራም ነው፣ በሬ ወይም የዶሮ ጭን፣ አጥንት የሌለው፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ። 80 ግራም በጨርቅ የተንጠለጠለ ወፍራም እርጎ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዘይት፣ የደረቀ ቃሪያ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከላይ ከተፈጨው ቅመም 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው። ለበሬ ሥጋ ብቻ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ጥሬ ፓፓያ ይጨመራል። ጥሬ ፓፓያ ሥጋን የሚያለሰልስ ኢንዛይም አለው፤ ከ2 ሰዓት በላይ ካቆዩት ግን ሥጋው ውጪው ዱቄት ይሆናል። እርጎው ሳይንጠፈጠፍ ከገባ ካባቡ ፍም ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ስንጥሩን 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረው ሥጋውን ሳያጣብቁ ይስኩ። ነበልባሉ ባለፈ ፍም ላይ እያገላበጡ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ዳር ዳሩ ትንሽ መቃጠል አለበት።

ጥቅሉ፦ ሥጋው፣ በስሱ የተከተፈ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው። ሽንኩርቱን ቀድመው በጨውና በሎሚ አሽተው አያስቀምጡ፤ ውሃውን አውጥቶ ፓራታውን ከሥር ይበሳዋል። ሁሉም የሚገናኙት በመጠቅለያው ደቂቃ ነው። ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ጫፉን ጠምዝዘው ይዝጉት። ካቻፕና ማዮኔዝ አሁን አሁን ብዙ ቦታ ይገባል፣ እኛ አንመክረውም፤ ሎሚው ሊሠራ የመጣውን ሥራ ያበላሹበታል።

በዚሁ ሊጥ የሙግላይ ፓራታም ይሠራል። ሳይነባበር በዘይት በተቀባ ገበታ ላይ ወረቀት እስኪመስል ይለጠጥና መሐሉ ላይ የተመታ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቀድሞ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ይደረጋል፤ አራቱ ጎን እንደ ፖስታ ታጥፎ በብዙ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ይጠበሳል። እሳቱ ከበረታ ውጪው ቀልቶ ውስጡ እንቁላሉ ጥሬ ይቀራል። የሚቀርበው ከድንች ወጥና ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ነው።

ፉችካ

ሙምባይ ፓኒ ፑሪ፣ ዴልሂ ጎልጋፓ የሚሉት ነገር የኮልካታ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ ግን አለ፦ የኮልካታው የሚሞላው በተፈጨ ድንች ነው፣ ውሃው ከሁመር (ሮቃም ይባላል) የተሠራ ጎምዛዛ እንጂ ጣፋጭ አይደለም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ የጾም ነው፤ ወተትም እንቁላልም ቅቤም አይገባበትም።

ቅርፊቱ፣ ለ60 ያህል። 150 ግራም ነጭ ያልሆነ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም ደቃቅ ሰሞሊና፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሞቅ ያለ ውሃ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ ጥቂት በጥቂት። ሊጡ ጠንካራ ይሁን፤ እጅ እስኪደክም 10 ደቂቃ ታሽቶ 30 ደቂቃ በእርጥብ ጨርቅ ያርፍ። አንድ ሚሊ ሜትር አድርገው ዳምጠው በ5 ሴንቲ ሜትር ክብ ቆርቆሮ ይቁረጡ። የተቆረጠው ሁሉ እስኪጠበስ ድረስ እርጥብ ጨርቅ ሥር ይቆይ። ላዩ የደረቀ ክብ ዘይት ውስጥ አይነፋም፣ ጠፍጣፋ ብስኩት ይሆናል።

ዘይቱ 180 ዲግሪ ይድረስ፤ ቁራጭ ሊጥ ሲጣል ወዲያው ብቅ ማለት አለበት። አንዱን ጥለው በጭልፋ ጀርባ በቀስታ ወደ ታች ይጫኑት፣ ይነፋል። ከተነፋ በኋላ አይቸኩሉ። እሳቱን ቀንሰው እንደ ደረቅ ቆዳ ኮሽ እስኪል ይቆይ፤ ነፍቶ ወዲያው የወጣ ፉችካ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይልማል፣ ምክንያቱም ውሃው ገና ውስጡ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል።

ለሙላቱ መጀመሪያ ቅመሙን ያዘጋጁ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 3 የደረቀ ቃሪያ፤ ይህ ከብሪያኒው በተቃራኒ በደንብ ይታመሳል፣ ጠቆር እስኪልና ቤቱ እስኪሸት። 500 ግራም ድንች ከነልጣጩ ቀቅለው (የተላጠ ድንች ውሃ ይጠጣል) በእጅ ይፍጩት። አንድ ሲኒ የተቀቀለ ጥቁር ሽምብራ፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ጨው፣ ከቅመሙ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ከሁመሩ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ። ሻጮቹ ይህን በእጃቸው የሚያሹት በከንቱ አይደለም፤ በማንኪያ ሲማሰል ድንቹ ይሙለጨለጫል።

ውሃው፦ 60 ግራም ሁመር በ250 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ነክረው አሽተው ያጥልሉ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨምሩበት፤ ይህ ውሃ እሳት አያገኝምና የሚፈላው አሁን ነው። ጥቁር ጨው (ካላ ናማክ) አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ተራ ጨው አንድ፣ ከቅመሙ 2፣ የተወቀጠ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ የድንብላል ቅጠል። ጥቁር ጨው ሲከፈት የበሰለ እንቁላል ይሸታል፤ አልተበላሸም፣ ተፈጥሮው ነው። ውሃው ሲቀመስ ከሚገባው በላይ ጎምዛዛና ጨዋማ መሆን አለበት፣ ድንቹ ይቀንሰዋልና። ለሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ።

አበላሉ እንዲህ ነው። የፉችካው ቀጭኑ ጎን በአውራ ጣት ይበሳል፣ ድንቹ ይገባል፣ ውሃው ውስጥ ነከር ተደርጎ ሞልቶ ይወጣል፤ ከዚያ ሙሉውን በአንድ ጉርሻ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማቅረብ የለም፣ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ ይቀደዳል። ኮልካታ ውስጥ ሻጩ መሐል ቆሞ፣ በላተኞቹ ሳል ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የተሠራች ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ዙሪያውን ከበው፣ ለያንዳንዱ ተራ በተራ አንድ አንድ ነው የሚሰጠው። ቤት ውስጥም አንድ ሰው ሻጭ ይሁን። ሁሉም ሲጨርስ ለያንዳንዱ አንድ የመጨረሻ ፉችካ በነፃ ይሰጣል፣ ውሃ የሌለበት፣ ድንችና ቅመም ብቻ። ስሙ «ፋው» ይባላል፣ ምርቃት እንደማለት ነው፤ ሻጩ ቢረሳው ተጠይቆ ይቀበሉታል።